የዒድ ቀብድና የመርካቶ እሳት

የረመዳን ወር ሲጋመስ የአዲስ አበባ ገበያ በሁለት ቦታ ይደምቃል። አንዱ መርካቶ ነው፤ ሌላው በየስልካችን ውስጥ ያለው ነው። ከተራዊሕ መልስ ስልካቸውን የሚከፍቱ እናቶች የልጆች ጀለቢያ፣ አባያ፣ ሂጃብ፣ ምንጣፍና ተምር በየቴሌግራም ቻናሉ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። “ዋጋ በውስጥ መስመር”፣ “ግማሽ ቀብድ”፣ “ያሉበት እናደርሳለን” የሚሉትን ማስታወቂያዎች የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናስብም። በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችንም ለቤተሰባቸው የዒድ ልብስ በዚሁ መንገድ ያዛሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ቀብድ መላክ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ሆኗል።

ይህ ንግድ ከሩቅ ሲታይ ሱቅ ይመስላል። ጠጋ ብለን ስናየው ግን ብዙ ጊዜ ሱቅም መጋዘንም የለውም። ሻጯ ጠዋት መርካቶ ገብታ የምታውቃቸው ባለሱቆች ዘንድ ያለውን ልብስ ፎቶ ታነሳለች፤ በዋጋው ላይ የራሷን ጥቂት ትርፍ ጨምራ ትለጥፋለች። ደንበኛ ሲገኝ ቀብድ ትቀበላለች፤ በዚያው ቀብድ ዕቃውን አንስታ ለሞተረኛ ትሰጣለች። ነጋዴው “አየር በአየር” የሚለው ዓይነት ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ለስድብ ይውላል፤ እኛ ግን ለስድብ አላነሳነውም። ሱቅ ለመከራየት አቅም የሌላት፣ ልጅ ይዛ ቤት የምትውል እናት ወይም ተመርቆ ሥራ ያላገኘ ወጣት ሌላ መነሻ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ካፒታላቸው የደንበኛው ቀብድ ነው፤ ማስያዣቸው ደግሞ አመኔታ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ማንም አልዘነጋውም። ሱቆቹ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያዎቹም ጠባብ በመሆናቸው የእሳት አደጋ መኪኖች እንደልብ መግባት ሳይችሉ ቀርተው የብዙ ነጋዴ ንብረት በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። በማግስቱ ሁላችንም ስለ ባለሱቆቹ አወራን፤ ተገቢም ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የጉዳቱ ዝርዝር የሚወጣው በንግድ ፈቃድ፣ በኪራይ ውልና በሱቅ ቁጥር ነው። እንበልና ከተቃጠለው ሱቅ ውስጥ 12 አባያ ቀብድ ከፍላ ለነገ ያስቀመጠች የቴሌግራም ሻጭ ነበረች። እሷ በየትኛው መዝገብ ትገባለች? ኢንሹራንስ የላትም። ለባለሱቁ የሰጠችው ብር ያለ ደረሰኝ፣ በመተዋወቅ ብቻ የተሰጠ ነው። ሰውየው ሀብቱ ወድሞበት ራሱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ “ቀብዴን መልስልኝ” ለማለት ፊት የላትም። በሌላ በኩል 12 ደንበኞች ይደውሉላታል፤ ገንዘባቸው ደግሞ በእጇ የለም፤ አባያ ሆኖ ነበር፤ አባያውም ጭስ ሆኗል።

በእኛ አስተያየት ከእሳቱ ይልቅ ይህችን ሻጭ የሚያጠፋት ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት የምታደርገው ነገር ነው። ደንግጣ ስልኳን ታጠፋለች፤ ወይም “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” እያለች ታቆያለች። ደንበኛዋም ለልጇ የዒድ ልብስ ብላ የላከችው ብር ተበላ ብላ ትደመድማለች። ትፈረድባት ይሆን? ከዚህ በፊት ቀብድ ተቀብለው የጠፉ ሻጮች ያጋጠሟት ሰው ዝምታን በሌላ መልክ ልትተረጉመው አትችልም። ይባስ ብሎ አጭበርባሪው አደጋውን ይወደዋል፤ መርካቶ እግሩን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ “ዕቃዬ ተቃጠለ” ለማለት ምክንያት ያገኛል። እውነተኛዋንና ሐሰተኛውን ሻጭ የሚለያቸው የተናገሩት ቃል አይደለም። በየትኛው ተራ፣ ከየትኛው ሱቅ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረ ሳይጠየቅ የሚናገር፣ ሙሉውን ባይችል እንኳ ከፍሎ ከፍሎ መመለስ የሚጀምር ሰው ነው እውነተኛው።

በረመዳን ዋዜማ የደረሰ አደጋ ካነሳን ከጎረቤታችን ሀርጌሳ የሚብስ አናገኝም። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት፣ ጾሙ ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ዋሂን ነደደ። የወደሙት ሱቆችና መደቦች ወደ 2 ሺህ እንደሚጠጉ ተገምቷል። ገበያው ለረመዳን የተከማቸ ዕቃ የሞላበት ሰዓት ነበር። ከሀርጌሳ በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ጅግጅጋ ለሚደርሰው ንግድም ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ሀርጌሳ በሞባይል ገንዘብ ከእኛ ቀድማ የሄደች ከተማ ናት፤ “ዛድ” የተባለው አገልግሎት በዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በመሳቢያ ያለ ብር ከሱቁ ጋር ይቃጠላል፤ በስልክ ያለ ሒሳብ አይቃጠልም። የደንበኛ ቀብድ በስልኩ ላይ ሳይነካ ከተቀመጠ ሻጩ በዚያችው ሌሊት ሊመልሰው ይችላል ማለት ነው። ቀብዱ ወዲያውኑ ወደ ዕቃ ከተለወጠ ግን ቴሌብርም ሆነ ዛድ ምንም አያድኑም።

ምንም ሳይቃጠል ገበያው የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወራት ገደማ ቆይተዋል፤ የዚያ ዓመት ረመዳንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚሁ ጊዜ ውስጥ አለፈ። ቪፒኤን የሚያውቅ ደንበኛ ገብቶ ገዛ፤ የማያውቀው ቀረ። ቀብድ የከፈለ ሰው የሻጩን ስልክ ቁጥር ካልያዘ፣ የሚያውቀው የቻናሉን ስም ብቻ ከሆነ፣ በየት በኩል ይጠይቀው?

ሕጉስ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 “ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል” የሚለውን ያስቀምጣል፤ ሊገመት የማይችልና ውሉን መፈጸምን ፍጹም የሚከለክል ነገር መሆን አለበት። ነገሩ መፈጸሙን ይበልጥ ከባድ ማድረጉ ብቻ በቂ አይደለም። ይህ ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ልዩነት አለው። አንድ ሱቅ ቢቃጠልም ያው አባያ በሌላ ተራ በውድ ዋጋ የሚገኝ ከሆነ ሻጯ “አልቻልኩም” ለማለት ያስቸግራታል። የብሩ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ እንደተለወጠው ሲለወጥና ዋጋ ሲንር “ጨምሩ” ማለትም እንዲሁ። በእርግጥ የማይቻል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሕጉ የሚያድናት ከካሳ ነው እንጂ ያልደረሰ ዕቃ ዋጋ ይዛ እንድትቀር አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በስልክ የተደረገ ስምምነት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ስለሚደነግግ የክፍያ መልዕክቱንና የተጻጻፉትን ማጥፋት አይገባም። በሁለትና በሦስት ሺህ ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት መሆኑ ግን ግልጽ ነው።

ስለዚህ ብዙው የሚያልቀው በሽምግልናና በሃይማኖት ሚዛን ነው። በእስልምና የንግድ ሕግ ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በእጅ የሌለን ነገር መሸጥ የተከለከለ ሲሆን፣ ዋጋው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ የሚቀርብበት “ሰለም” የተባለ ውል ግን ተፈቅዷል፤ ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚቀርብበት ቀን አስቀድሞ ከታወቀ ነው። ዕቃው በቀኑ ካልተገኘ ምርጫው የገዢው ነው፤ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ የከፈለውን ይወስዳል። ሻጯ ውክልና ወስዳ የምትገዛ ከሆነም ድካሟን በግልጽ ተነጋግራ መውሰድ ትችላለች። “ግማሽ ቀብድ፣ ቀኑ እንደሁኔታው” የሚለው የቻናሎቻችን ልማድ ከሁለቱም ጋር አይገጥምም፤ አደጋ ሲመጣም ጠብ የሚወልደው ይኸው ያልተነገረው ነገር ነው። ችግር ላይ ለወደቀ ባለዕዳ ጊዜ መስጠትም በቁርኣን የታዘዘ ነው። ጊዜ መስጠት ግን ዕዳው መኖሩን ካመነ ሰው ጋር የሚሆን ነገር ነው፤ ስልኩን ላጠፋ ሰው ምን ዓይነት ጊዜ ይሰጠዋል?

ዘንድሮ ለሚሸጡትም ለሚገዙትም የምንለው ከዚህ ይነሳል። ሻጮች ሆይ፣ በአንድ ሱቅ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፤ ለባለሱቁ የምትሰጡትን ቀብድ ቢያንስ በስልክ መልዕክት አስመዝግቡ፤ የደንበኛን ገንዘብ ከቤት አስቤዛ ጋር አታደባልቁ። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ደግሞ በእጃችሁ ላለው ዕቃ ብቻ ክፍያ ተቀበሉ፤ ከዒድ በፊት ሌላ ለመፈለግ ጊዜ የሚኖረው ከዚያ በፊት የተቀበለ ሰው ነው። ገዢዎችም የሻጩን ስምና ስልክ ሳትይዙ አትላኩ። የንግድ ቢሮዎችና የወረዳ አመራሮች ደግሞ ከአደጋ በኋላ ተጎጂ ሲመዘግቡ ከሱቅ ቁጥሩ ጎን “በዚህ ሱቅ ዕቃ ወይም ቀብድ የነበረው ሌላ ሰው አለ?” የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ያቺ 12 አባያ የተቃጠለባት ሻጭ ስሟን የምታስጽፍበት ቦታ ታገኛለች።