ወርቁ ላይ አሸዋ አይጨመርም

የደወሉልኝ መንጌ ከተማ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ሂሳቡ አልገጥም አለ፤ ልጅቷም ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አሉኝ። በማግሥቱ ከአሶሳ ተነስቼ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው፣ እንደ ብዙ ነጋዴዎቻችን፣ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም በሥራ ማስታወቂያውም በኮሌጁም ዛሬም ፒችትሪ ነው የሚባለው። መዝገብ የምትይዘው ልጃቸው አንድ ሽያጭ እያስገባች ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስ የዕቃው ዝርዝር ዋጋ ከጠቅላላ መዝገቡ አንሶ ተገኘ። በስልክ ያማከረችው ሰው «ልዩነቱን ልዩ ልዩ ወጪ ብለሽ በማስተካከያ ዝጊው፤ ይገጥማል» ብሏታል።

አዎ፣ ይገጥማል። እኔን ያስፈራኝም መግጠሙ ነው።

ሽያጭ ሲመዘገብ ፕሮግራሙ የሚጽፈው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከዕቃው ይቀንሳል፣ ገንዘቡን ይጨምራል፣ ጠቅላላ መዝገቡን ይነካል። መብራት መሀል ላይ ሲቋረጥ ገሚሱ ተጽፎ ገሚሱ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምንም ሳንነካ የድርጅቱን ፎልደር እንዳለ፣ ከነብልሽቱ፣ ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ጥገናው ራሱ ቢያበላሽ የምንመለስበት እንዲኖረን ነው። ከዚያ የፕሮግራሙን የራሱን መፈተሻ፣ ኢንተግሪቲ ቼክ የሚባለውን፣ አስነሳን። አንዱ ፍተሻ ፋይሎቹን መልሶ ያደራጃል፤ ሌላው ደግሞ አንዱ ፋይል የሚለው ከሌላው ጋር መስማማቱን ያያል።

ፋይሎቹ ተስተካከሉ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። ማሽን የተሰበረ ፋይል ይጠግናል እንጂ ማን ምን እንደገዛ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ወረቀት ነው። ልጅቷ የደረሰኝ ጥራዟን አውጥታ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጋር ስታመሳክር ጣቷ አንዱ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ይህቺ የለችም!» 12 ቆርቆሮ ነበር። የዕቃ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ስናይ 12 ወጪ ተብሎ በእጇ ጽሑፍ ሰፍሯል። ግማሽ የቀረውን አጥፍተን ደረሰኙን እንደገና ስናስገባ ሁለቱ መዝገቦች ተገናኙ።

በምክሩ ብንሄድ ኖሮ የተሸጠው ቆርቆሮ ወጪ ተብሎ ይቀበር ነበር። ገቢው አይታይም፣ ግብሩ ይዛባል፤ ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋም ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

ይህ የትንሽ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ አወጡ፤ ባንኩ የገለጸው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነው ተባለ። ባንኩ አብዛኛውን ገንዘብ መልሶ ሊሰበስብ የቻለው ማን፣ መቼ፣ ስንት እንዳወጣ መዝገብ ስለነበረው ነው። ዱካው የተያዘ ስህተት ይታረማል። በማስተካከያ የተሸፈነ ስህተት ግን ትክክል መስሎ ይኖራል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ይግዛ። ማታ ማታ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዝ፤ ቅጂውም ከሱቁ ውጭ ይደር። ደረሰኝና ቢን ካርድ «ኮምፒውተር አለን» ተብሎ አይጣሉ። ማስተካከያ የሚሠራ ሰውም ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ምክንያቱን መጻፍ ካቃተው ስህተቱን ገና አላገኘውም።

ለሐጂ ይህን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። መንጌ የወርቅ አገር ነው፤ እሳቸውም በወጣትነታቸው ወርቅ ገዝተው ሸጠዋል። «ልጄ፣ ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሚዛን ሲዛነፍ ሚዛኑ ይታያል እንጂ፣ እንዲሞላ ተብሎ ወርቁ ላይ አሸዋ አይጨመርም።» ፍላሹንም ከእጄ ተቀብለው ደረሰኞቹ ካሉበት ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ቤታቸው ሊያሳድሩት።