የእናቴ ሳጥንና የእኛ ስልክ

እናቴ ሽጉጥ አላት ብል አብሮ አደጎቼ ይስቃሉ። ግን አላት። ብስራተ ገብርኤል ባለው ቤታችን፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ በተቀመጠው የእንጨት ሳጥን፣ ከቡሉኮው ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ማካሮቭ። አባታችን በ1983 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ከግንባር በእግሩ ከመጣ ወታደር የገዛው ነው። ደርግ በወደቀበት በዚያ ሰሞን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ መሣሪያ እንደ ሽንኩርት ነበር የሚሸጠው። ወታደሩ የፈለገው የአውቶቡስ መሳፈሪያና የሲቪል ሱሪ ነበር፤ አባታችን ሁለቱንም ሰጠው።

በዚያው ሰሞን፣ ግንቦት 27 ሊነጋጋ ሲል፣ እዚያው አዲስ አበባ፣ ነፋስ ስልክ የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ። የእኛ ቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ሰው በሌሊት ልብሱ ደጅ ወጣ። የ1977ቱን ረሃብ ከኮረም ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ግራ እጁን ያጣው እዚያ ነው፤ ባልደረባው ጆን ማታይም እዚያው ሞተ። አባታችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሽጉጡን ለማንም አልመለሰም። «እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ባዶ እጅ አይኮንም» አለና ጠቀለለው። አንድ ቀን እንኳ ሳይተኩስበት ሞተ።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ያ ቀን መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ሰዓት የከተማው ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ሰፈሩን እንዲጠብቅ ጥሪ አደረገ። ሰፈር ለመጠበቅ የማይችል ሰው መሣሪያውን ለመንግሥት፣ አለዚያም ለቅርብ ዘመዱ ወይም ለጓደኛው እንዲሰጥ ተመከረ። ጠመንጃ ለጓደኛ አውሱ የሚል ምክር በሰላሙ ጊዜ ብንሰማው ቀልድ ይመስለን ነበር። በዚያው ዕለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ታናሽ ወንድማችን ደወለ። እናንተም ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ስልክ ሳትቀበሉ አልቀራችሁም። «ሽጉጡን ምን እናድርገው?» አለ። ብናስመዘግብ ከየት አመጣችሁት እንባላለን፤ ብንደብቅ ፍተሻ አለ። ፍተሻው ደግሞ ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ወር እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ተናግሮ ነበር። የቤተሰባችን ቫይበር ተጥለቀለቀ። ከዳላስ «ቅበሩት» ተባለ። ከፍራንክፈርት «አሁኑኑ አስመዝግቡ»። እኔ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሆኜ ምን እንዳልኩ ስጽፈው አፍራለሁ፦ «አትስጡ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» ነው ያልኩት። ያን ስል መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ልጄን ከኳስ ልምምድ እየጠበቅኩ፣ ቡና በእጄ ይዤ።

እናታችን የማናችንንም አልሰማችም። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ፣ ሽጉጡን በዘንቢል፣ ከላዩ ላይ ጎመን ጣል አድርጋ ወደ ወረዳው ሄደች (እሷ ዛሬም ቀበሌ ነው የምትለው)። ሰልፉ ላይ ከነበሩት ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች አሉ። ጸሐፊው ቁጥሩን አይቶ በትልቅ መዝገብ ላይ ጻፈ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጣት፤ ሽጉጡንም መለሰላት። «እማማ፣ ሰፈርዎን ይጠብቁበት።» ያኔ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ጥይቱ ወጥቶ ይሁን አይሁን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ልክ በዓመቱ፣ እንደገና ጥቅምት 23፣ ፕሪቶሪያ ላይ በፌዴራል መንግሥቱና በሕወሓት መካከል ስምምነት ተፈረመ። አሁን ቃሉ ተገልብጦ «ትጥቅ መፍታት» ሆነ። ጥር 2015 ላይ ከመቀሌ ብዙም በማይርቀው በአጉላዕ የትግራይ ኃይሎች ከባድ መሣሪያ በአፍሪካ ኅብረት ታዛቢዎች ፊት አስረከቡ። መድፍና ታንክ ይቆጠራል፤ ክላሽ ግን ከሰው ጋር ቤቱ ይገባል። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ፣ በትግራይ ሥራውን የጀመረው ኅዳር 2017 ላይ ነው። ከስምምነቱ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በመካከሉ የሆነውን ታውቁታላችሁ። መጋቢት 28 ቀን 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች መልሶ መደራጀት ታወጀ፤ ጎንደርና ቆቦን ጨምሮ በአማራ ክልል ከተሞች ሰው አደባባይ ወጣ። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ያለው ተኩስ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛ ውጭ ያለነው ቶሎ የምንዘለው ቦታ ይህ ነውና። በአማራ ገጠር ጠመንጃ የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም፤ በሠርግም በለቅሶም አብሮ ይወጣል፣ የአባት ውርስ ነው። ይህንን አንድ አዋጅ አይነቅለውም። አዋጁስ አለ፤ ቁጥር 1177/2012፣ ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቅ፣ ወረቀት ላይ ደህና ሕግ ነው። ግን ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ውስጥ በመቶዎች የተገደሉት የአማራ ተወላጆች ራሳቸውን የሚከላከሉበት መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በጊዜ የደረሰላቸውም የለም። ያንን የሰማ ገበሬ «አስረክብ» ሲባል «ከዚያስ ማን ይጠብቀኛል?» ቢል ሽፍታ አያሰኘውም። የተቀባዩ እጅ ካልታመነ መዝገቡ ባዶ ነው። ኡጋንዳ ይህንን በካራሞጃ ቀምሳዋለች፦ እ.ኤ.አ. በ2001 በተጀመረው ዘመቻ መጀመሪያ ያስረከቡት መንደሮች ገና ባልፈቱ ጎረቤቶቻቸው ከብታቸውን ተዘረፉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ይፍታ ሳይሆን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዴት ይፍታ፣ የፈታውንስ ማን ይጠብቀው ነው። ይህንን ጥያቄ ለመንግሥትም ለታጣቂውም እኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነሳ ዲያስፖራ አላየሁም። አንዱ ወገን «አስረክቡ» ብሎ ለመንግሥት ያጨበጭባል፤ ሌላው ከሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ሆኖ «አንድም ጥይት እንዳታስረክቡ» ይላል። እኔም ከመኪናዬ ውስጥ ያልኩት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ደግሞ እኛ ጠመንጃን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ሌሊት ጋዝ ስቴሽን ካሽ ሬጂስተር ጀርባ የቆመ፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራ፣ ታክሲ የነዳ ሀበሻ በሽጉጥ ሲሞት አስከሬን ለመላክ ስንት ጊዜ ገንዘብ አዋጥተናል? ያኔ ሁላችንም «ይሄ አገር ጠመንጃ በዛበት» እንላለን። በማግስቱ ሌላ መዋጮ ይመጣል፤ «ለወገን መከታ» የሚል፣ ምን እንደሚገዛ በግልጽ የማይናገር። አዋጪው ስንቅና መድኃኒት ይመስለዋል። አንዳንዱ ነውም። ነገር ግን ገንዘቡ ጥቁር ገበያ ሲደርስ፣ በመተማ በኩል በቦቴ ተደብቆ ከሚገባው የቱርክ ሽጉጥ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ዋጋ ያንረዋል፤ ገዢ የበዛበት ገበያ ነውና። ያንን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ በሬውን ሸጦ ክላሽ የሚገዛው ገበሬ ነው።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በእድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በዙም ስብሰባው ላይ የመዋጮ ዝርዝር ሲዞር፣ ስማችሁን ከመጻፋችሁ በፊት «ይህ ገንዘብ በትክክል ምን ይገዛል?» በሉ። መልሱ ካላረካችሁ ብሩን በጥይት ለተመታ ልጅ ማሳከሚያ በቀጥታ ላኩት፤ ለዚያ ሰው አታጡም። ወንድማችሁ ደውሎ «ምን እናድርገው?» ካለም፣ የምትሉት ነገር ቢሳሳት በማን ቤት እንደሚያርፍ አስቡ።

ባለፈው ሰሞን እናቴን ስለ ሽጉጡ ጠየቅኋት። ከሰፈር ጥበቃው ወዲህ የጠየቃት የመንግሥት ሰው የለም። ወረቀቱ ከሽጉጡ ጋር አብሮ በነጠላው ተጠቅልሏል። ማስረከብ ትፈልጋለች፤ የት ሄዳ ለማን እንደምትሰጠው ግን የነገራት የለም።