የፈጠራ ድርሰትና የጎረቤታሞች ጠብ

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲሉ፣ ጎረቤት በሐዘንና በደስታ፣ በእሳትና በበሽታ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ ወገን መሆኑን መመስከራቸው ነው። ነገር ግን አንዱ ጎረቤት በመግባቱ ሌላው ለመውጣት የሚገደድ ቢሆንስ? የአንዱ ቤት ሲታደስ የሌላው ኪራይ የሚንር፣ በዚያም ላይ የሚገባውና የሚወጣው ሰው በቆዳ ቀለም የሚለያዩ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ምሳሌው እንደ ተነገረ ይጸናልን?

እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ታላላቅ ከተሞች ሲፈጸም ቆይቷል። ድሆች የሚኖሩበት አሮጌ ሠፈር የባለገንዘቦችን ዓይን ይስባል። እነርሱም ቤቱን እየገዙ ያድሱታል፤ የቤቱ ዋጋ ይወጣል፤ ኪራይ ይጨምራል፤ ነባሩም ነዋሪ መክፈል ሲያቅተው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ሩት ግላስ የተባለች የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ይህን በለንደን ከተማ ተመልክታ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 «ጄንትሪፊኬሽን» የሚል ስም አወጣችለት። በአሜሪካ ደግሞ ጉዳዩ ከዘር ልዩነት ታሪክ ጋር ስለ ተሳሰረ ይበልጥ መራራ ሆነ።

የሕግ ሰው ይህን ጉዳይ በአንቀጽ፣ የቆጠራ ባለሙያ በቁጥር ይመለከተዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ከዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ከመቶ 71 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ በ2020 ግን ድርሻቸው ወደ 41 ዝቅ ብሎ ተገኘ። የለውጡ ምክንያት ብዙ ነው፤ ቁጥሩም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የወጣው ሰው በሩን ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋ ምን እንደ ተሰማው፣ የገባውም «በማን ቦታ ገባሁ?» ብሎ ጠይቆ እንደ ሆነ ቁጥሩ አይነግረንም። በእኔ አስተያየት ይህን ሊነግረን የሚችለው የፈጠራ ድርሰት ነው። የሚነግረንም ጥፋተኛውን በጣቱ በመጠቆም ሳይሆን፣ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ሰዎች ከነምክንያታቸው በማሳየት ነው። ለዚህ አስተያየቴ ሁለት ሥራዎችን በማስረጃነት አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ሎሬይን ሃንስቤሪ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ የዋለው «ዘቢብ በፀሐይ» የተባለው ተውኔት ነው። ደራሲዋ ጉዳዩን በሩቅ የሰማች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1937 ቤተሰቧ በቺካጎ ከተማ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት ሠፈር ቤት ገዝቶ ሲገባ፣ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቱን እስከ መክበብና እስከ መደብደብ ደርሰዋል። በዚያ ሠፈር የነበሩ ባለቤቶች ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት በውል ተሳስረው ስለ ነበር፣ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1940 አባቷ ረቱ። እንዲህ ያሉትን ውሎች ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሟቸው እንደማይችሉ የተወሰነው ግን ገና በ1948 ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየች ደራሲ በተውኔቷ ውስጥ ድንጋይ ወርዋሪ ጨካኝ ታመጣለች ብለን እንጠብቅ ይሆናል። እርሷ ግን ያመጣችው በትሕትና የሚናገር አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው የነጮቹን ሠፈር ወክሎ ወደ ጥቁሮቹ ቤተሰብ ይመጣና፣ ወደ ገዙት ቤት እንዳይገቡ ገንዘብ እንስጣችሁ ይላቸዋል። አይሳደብም፤ አይቆጣም። ተመልካቹም ክፋት ሁልጊዜ ክፉ ፊት ይዞ እንደማይመጣ፣ በጨዋ አንደበትም ሰውን ከደጅ መመለስ እንደሚቻል ይረዳል። ይህን ትምህርት የትኛው የፍርድ ቤት መዝገብ ሊሰጠን ይችላል?

ሁለተኛው ሥራ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ መቼቱ በዋሽንግተን ከተማ ሎጋን ሰርክል የተባለው ሠፈር ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሴፋ እስጢፋኖስ ይባላል። በአብዮቱ ዘመን በተፈጸመው ሽብር አባቱን አጥቶ የተሰደደ፣ በጥቁሮች ሠፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። አንድ ቀን ጁዲት የተባለች ነጭ መምህርት ከጎኑ ያለውን ባዶ ቤት ገዝታ፣ አሳድሳ፣ ከጥቁር አባት ከወለደቻት ልጇ ከናኦሚ ጋር ትገባበታለች። ሴፋና ናኦሚም በሱቁ ውስጥ ተቀምጠው አብረው መጽሐፍ ያነባሉ። ከደጅ ውጭ ግን ነባሮቹ ነዋሪዎች ከቤታቸው እየወጡ ነው። ውሎ አድሮ ጡብ ይወረወራል፤ በመጨረሻም የጁዲት ቤት በእሳት ይጋያል።

የሴፋን አቋም ልብ በሉ። በቆዳው ከነባሮቹ ጋር ነው፤ በትውልዱ ግን እንግዳ ነው። ለጁዲትና ለልጇ ልቡ ይራራል፤ አዲሶቹ ሀብታም ነዋሪዎች ገበያውን ያደሩለት ዘንድም ተስፋ ያደርጋል። ሆኖም ያው ለውጥ ዞሮ የእርሱንም ሱቅ ያስለቅቀዋል። ደራሲው እንዲህ ያለውን ሰው ተራኪ በማድረጉ፣ አንባቢው ለአንዱ ወገን ብቻ አጨብጭቦ እንዳይነሣ አድርጎታል። ለተቃጠለው ቤት እናዝናለን፤ ወዲያውም ዕቃቸው ደጅ የወጣባቸውን ሰዎች እናስታውሳለን።

አሁን ሁለቱን ጥቃቶች፣ በቺካጎ የደረሰውንና በልብ ወለዱ የተነገረውን፣ እናነጻጽር። ሁለቱም ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያነሣው እጅ ነው፤ ሁለቱም ሕፃን ያለበትን ቤት አስጨንቋል። ስለዚህ አንዱም ተገቢ ነው አይባልም። ነገር ግን እኩል አይደሉም። የቺካጎዎቹ ጎረቤቶች ከኋላቸው ውልና ሀብት ነበራቸው፤ እጃቸውን ያነሡትም የሌላውን መግቢያ ለመዝጋት ነው። የሎጋን ሰርክሉ ሰው ግን ከጡብ በቀር ምንም የሌለው፣ የራሱ መውጫ የተከፈተበት ነው። ጥሩ ድርሰት ይህን ልዩነት ያስረዳል እንጂ ጥፋቱን አያጸድቅም። መረዳት ሌላ፣ ማጽደቅ ሌላ ነውና።

አንዳንዶች ግን «ደራሲ ለተበደለው ወገን ሊቆም ይገባዋል፤ ሁለቱንም ማሳየት ፍርድን መሸሽ ነው» ይላሉ። ሌሎችም «ልብ ወለድ ኪራይ አይቀንስም፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነት ነው፤ በልብ ወለድ ንባብ ብቻ ከመባረር የዳነ ተከራይ የለም። ሆኖም ጎረቤቱን «እነዚያ» ብሎ መጥራት የለመደ ሰው ስለ ኪራይም ሆነ ስለ ሕግ በቅንነት ሊመክር አይችልም። ድርሰት «እነዚያ» የሚለውን ቃል አንሥቶ በቦታው ስም፣ ፊትና ታሪክ ያለው ሰው ያስቀምጣል። ሁለቱንም ማሳየትም ፍርድን መሸሽ አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ማን ያምነዋል?

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ጎረቤታሞች ጠብ ድርሰት ለመጻፍ ብዕራችሁን ስታነሡ፣ ማን ጥፋተኛ እንደ ሆነ ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ምን እንዳጣ፣ ምን እንደ ፈራ፣ ከኋላውም ምን ኃይል እንደ ቆመለት መርምሩ። ይህን መርምራችሁ ስትጽፉ፣ አንባቢያችሁ መጽሐፉን ዘግቶ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ሰው በሌላ ዓይን ያየዋል። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ የሚሻለውም በቅርብ ስለሚኖር ብቻ ሳይሆን፣ በቅርብ ስለምናውቀው ነው።