ነጻነቱን የሚያከብር አገር ባርነቱንም ይናገር



በየዓመቱ የዐድዋ በዓል ሲቃረብ በትምህርት ቤታችን ግጥም ይነበባል፥ ቀረርቶና ፉከራም ይሰማል። ባለፈው ዓመት ጋሻ ይዘው ከፎከሩት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ግን በኳስ ጨዋታ ላይ ኳስ የነጠቀኝን የክፍል ጓደኛዬን ተናድጄ «ባሪያ» ብዬ ሰደብሁት። እርሱ አንዲት ቃል እንኳ አልመለሰልኝም፤ ጨዋታውን ትቶ ደብተሩን አንሥቶ ሄደ። ጠዋት ስለ ጥቁር ሕዝብ ነጻነት የፎከረ አፍ ከቀትር በኋላ ይህን ቃል አወጣ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው።

ማታ በቤታችን ነገሩን እንደ ቀልድ ባወራሁት ጊዜ፥ አያቴ የሚፈትሉበትን እንዝርት አስቀምጠው ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱኝ። ከዚያም፥ «አንተ ልጅ፥ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ በእናቴ ቤት የነበረች ሴት ናት። ውሃ ስትቀዳ፥ እህል ስትፈጭ፥ እንጨት ስትለቅም ኖረች። ንጉሡ ባሮች ሁሉ ነጻ ናቸው ብለው ዐወጁ ተባለ፤ ነገር ግን መሬት የሰጣት የለም፥ ወደ አገሯም የሚመልሳት አልነበረም፤ ስለዚህ እዚያው ቀረች። የምንጠራት ጌቶቿ ባወጡላት ስም ነበር። እናቷ ያወጣችላትን ስም አንዳችንም ሳንጠይቃት ሞተች። የሰደብኸው ያን ልጅ ብቻ እንዳይመስልህ» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ፥ «ባርነት የአሜሪካኖች ነገር ነው እንጂ የእኛ አይደለም» ይላሉ። እርግጥ አሜሪካኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል ብለው ሲያውጁ፥ ዐዋጁን የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን ራሱ የብዙ ባሮች ጌታ ነበረ። ባርነትም በሕገ መንግሥታቸው የተሻረው በ1865 ነው። ይህን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስንማር ሁላችንም ፈርደንባቸዋል። ነገር ግን «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳንባል፥ ወደ ራሳችን ደጅ እንመልከት።

ከጣርማ በር ተነሥተን የተራራውን ሰንሰለት ተከትለን ወደ ደቡብ ብንሄድ አንኮበር እንደርሳለን። ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ቁልቁል ዓልዩ አምባ አለ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በዓፋር በረሃ በኩል ወደዚያ ይወጣ ነበር። ሲመለስ ይዞት ከሚወርደው መካከል ሰዎች ነበሩበት። በዓልዩ አምባ አጠገብ በአብዱል ረሱል ገበያ ከደቡብና ከምዕራብ አገሮች ተይዘው የመጡ ልጆች ይሸጡ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሀሪስ ስለዚህ ገበያ በመጽሐፉ ጽፏል። አንዱ ሸጠ፥ ሌላው ገዛ፥ ሦስተኛው ቀረጥ ተቀበለ። እንግዲህ «የእኔ ወገን የለበትም» ብሎ እጁን የሚታጠብ ማን ነው?

አያቶቻችን እውነቱን አላወቁም ማለትም አንችልም። ሊቃውንቱ የሚያነቡት ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሮች በሚናገርበት አንቀጽ፥ ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን፥ ባሪያ የሚያደርገው የጦርነት ኃይል መሆኑን፥ ባሪያን ነጻ ማውጣትም ታላቅ በጎ ሥራ መሆኑን ያስተምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ከለከሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ይህንኑ ንግድ ለማስቀረት ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። ዐፄ ምኒልክም በበኩላቸው ዐወጁ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ በዘመቻ ምርኮኛ መያዝ አልቀረምና፥ የመኳንንቱም ቤት ያለ ባሪያ ጉልበት አይሠራም ነበርና። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተውን ጦር ስንቅ ተሸክመው ከተከተሉት መካከል እንኳ የራሳቸው ጌቶች ያልነበሩ ሰዎች ነበሩ። አገራቸውን ነጻ አወጡ፤ እነርሱ ግን ባሮች እንደ ሆኑ ተመለሱ።

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ይህም ከዐድዋ ድል 46 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህ መዘግየት አገራችንን ምን ያህል እንደ ጎዳት እናስተውል። ፋሺስት ኢጣልያ ሊወረን በተነሣ ጊዜ በጄኔቭ ጉባኤ ካቀረባቸው ክሶች አንዱ ይኸው ባርነት ነበር። ጦሩም እንደ ገባ፥ በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ዴ ቦኖ በትግራይ ባርነትን ሽሬአለሁ ብሎ ዐወጀ። ያው «ነጻ አውጪ» የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ የጣርማ በር ልጆች በዚያ ዘመን ጣልያን በቈፈረው ዋሻ እናልፋለን። እኔም በዋሻው ባለፍሁ ቍጥር፥ ጠላት በአገራችን ላይ ያመካኘበትን ኃጢአት የሠራነው እኛው ራሳችን መሆናችንን አስባለሁ። የጠላት ሐሰት የእኛን ጥፋት እውነት ከመሆን አያድነውም።

አንዳንድ ታላላቆቻችን፥ «በእኛ አገር ባሪያ እንደ ቤተ ሰብ ነበረ» ይላሉ። ከአክብሮት ጋር ልጠይቅ፤ ቤተ ሰብ ከሆነች፥ እውነተኛ ስሟን ለምን አልጠየቅናትም? ሌሎችም፥ «ይህን መናገር አገርን ማዋረድ ነው» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። የዐድዋ ድል እውነት በመናገር የሚያንስ ድል አይደለም። የሚያንሰው፥ ያን ድል እያከበርን የሰውን ልጅ በቆዳው ወይም በዘሩ ስንንቅ ነው።

ዛሬ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ባርነትን ይከለክላል፥ በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕጉ ሥራውን ሠርቷል፤ ያልሠራው ምላሳችን ነው። ባርነት ከወረቀት ላይ ተፍቆ ሳለ ስድቡ በኳስ ሜዳ፥ የዘር ማጣራቱም በጋብቻ ጊዜ እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መምህራኖቻችን፥ የዓልዩ አምባን ገበያ ከዐድዋ ጋር አስተምሩን፤ ሁለቱም የእኛ ታሪክ ናቸውና። ወላጆቻችን፥ በየቤቱ የሚታወቀውን ነገር ሳትደብቁ ንገሩን፤ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። እናንተ ጓደኞቼ ደግሞ ያን ቃል ከአፋችሁ አውጡ፤ ሲነገር ከሰማችሁም አትሳቁ። ያን ቀን እኔን ያደፋፈረኝ የሳቃችሁ ድምፅ ነበርና።

በማግሥቱ ወደ ጓደኛዬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ነገር ግን የሰደብኸኝ በሰው ሁሉ ፊት ነው፥ ይቅርታ የጠየቅኸኝ ግን ለብቻዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ስለዚህ በእርሱ ፈቃድ፥ ስሙን ሳልጠራ፥ በተማሪዎች፥ በመምህራንና በወላጆች ሁሉ ፊት እነሆ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፥ ጣርማ በር