ሁለት ብር ሊቀበሉ የወጡ ሰማዕታት

የካቲት 12 ቀን በየዓመቱ በስድስት ኪሎ አደባባይ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ የማርሽ ባንድ ይሰለፋል፤ አባት አርበኞች ጋሻና ጦራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ንግግርም ይደረጋል። እኛ ተማሪዎች ከግቢያችን በር ላይ ቆመን ጥቂት እናይና ክፍል ያለው ወደ ክፍሉ፥ ክፍል የሌለው ወደ ሻይ ቤቱ ይሄዳል። በዓሉ መከበሩ መልካም ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። እኔ ግን በዚህ መጽሔት ላይ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ፤ ይኸውም ያ አበባ የሚቀመጠው ለማን ነው? የሚል ነው።

መልሱን ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። «ለሰማዕታት» እንላለን። ሰማዕት ሲባል ደግሞ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ጎፈሬውን ያሳደገ፥ ጠመንጃውን የወደረ አርበኛ ነው። ነገር ግን የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፥ ዛሬ እኛ መጻሕፍት ይዘን በምንመላለስበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተሰብስቦ ከነበረው ሕዝብ አብዛኛው አርበኛ አልነበረም። ድኻ ነበረ። ለምጽዋት የተጠራ ድኻ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራዚያኒ የኢጣሊያው አልጋ ወራሽ ልጅ፥ የኔፕልስ መስፍን፥ የተወለደበትን ደስታ ለማክበር ሲል ለከተማው ድሆች ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጠገራ ብር እንዲታደል አስነገረ። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ነበረ፤ በየወሩ በ12 ድኻ በደጀ ሰላም እንደሚሰበሰብ የማያውቅ የለም። በዚያን ዕለት ግን ዕውሩ፥ አንካሳው፥ ሽማግሌው፥ ሕፃን ያዘለችው ሴት ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጣ። በጊዜው በከተማው የነበሩ ሰዎች የጻፉትን ብናነብ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቦቻቸውን ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ወዲያውም በግቢው ውስጥ በነበረው ሕዝብ ላይ መትረየስ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የፋሽስት ፓርቲው ሹም ጉይዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹን በከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ በጩቤና በዱላ ተገደለ፤ ጎጆው በቤንዚን ከነሰዎቹ ተቃጠለ። እንግዲህ በጭፍጨፋው መጀመሪያ ላይ የወደቀው ሁለት ብር ሊቀበል እጁን የዘረጋው ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ቤተሰቤ የሚኖረው ላፍቶ ነው። ላፍቶ ዛሬ የኮንዶሚኒየምና የገበያ ሰፈር ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ ግን ከከተማው ውጪ ያለ፥ ስሙም በኦሮምኛ እንደሚያመለክተው የግራር አገር፥ የእርሻና የግጦሽ ቦታ ነበረ። አያቴ እዚያ የደረሱት በዚያው በየካቲት ወር በሰው ጀርባ ታዝለው ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ጠዋት ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣች፤ አልተመለሰችም። በማግስቱ ጎጆዋ ተቃጠለ። ጎረቤቲቱም ሕፃኗን አዝላ ሌሊቱን ስትሄድ አድራ ላፍቶ ለምታውቃቸው ገበሬዎች ሰጠቻት፤ እነርሱም ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጓት። እኛ ሁላችን የዚያች ሕፃን ዘሮች ነን።

አያቴ በሕይወት ሳሉ ነገሩን የሚያወሱት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ «ሁለት ብር ልታመጣልኝ ሄዳ ቀረች» ይሉ ነበረ። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ታሪኩ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። ዛሬ በቤታችን የካቲት 12 ቀን ንፍሮ ተቀቅሎ፥ ቡና ተፈልቶ ሲወሳ፥ ያች ሴት «ሚካኤልን ተሳልማ ስትመለስ በመንገድ ላይ የተመታች» ሆናለች። ማንም ቁጭ ብሎ ለመዋሸት አልተማከረም፤ ዳሩ ግን ምጽዋቱ ከታሪኩ ወጣ። በዚያው ሳሎን ግድግዳ ላይ በአባቴ ወገን ያሉት አርበኛ አያቴ ያገኙት ኒሻን በመስተዋት ተሰቅሎ ይታያል፤ ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ይወለወላል። ለእርሷ የተሰቀለ ነገር የለም።

ታላቋን አክስቴን ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ፥ የሞተችው በፋሽስት ጥይት ነው፤ አይበቃህም? ለምን በሙት አፅም ላይ ለማኝ የሚል ስም ትለጥፍባታለህ?» አሉኝ።

ይህ የእርሳቸው ብቻ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ በመጽሔት ላይ ባልጻፍሁት ነበረ። ነገር ግን ከጓደኞቼ ጋር ስነጋገር ነገሩ በብዙ ቤት እንዳለ ተረዳሁ። አንዱ የአያቱ ወንድም «ለስለላ» ገብቶ እንደ ነበረ ሰምቷል፤ ሌላዪቱ ደግሞ «ዘመድ ልትጠይቅ» ሄዳ የሞተች አያት አለቻት። መቼም የዚያን ዕለት በገነተ ልዑል ግቢ የነበረው ሁሉ ሰላይና ዘመድ ጠያቂ ከነበረ፥ ያ ሁሉ ድኻ የማን አያት ነበረ?

«ከጠላት እጅ ምጽዋት መቀበል ውርደት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ለመሆኑ ያ ሕዝብ ድኻ የሆነው በምንድን ነው? የአያቴ አባት ማይጨው ዘምተው በዚያው ቀርተዋል፤ መጋቢት 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያም ጠላት ሳይገባ በፊት ከተማው ተዘረፈ፤ ተቃጠለ። የወታደር ሚስት በአንድ ዓመት ውስጥ ለማኝ ሆነች ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ምክንያት ብቻ ልትከበር ይገባል አልልም። ባሏ ዘማች ባይሆንም፥ ከጦርነቱ በፊት ጀምራ በደጀ ሰላም የምትለምን ብትሆንም፥ የሞተችው ያንኑ ሞት ነው። በባሏ ክብር ልናለብሳት ከሞከርን ዞሮ ዞሮ ድኽነቷን ማፈራችን ነው።

ደግሞስ ነውሩ ሁለት ብር የሆነው እንዴት ነው? በዚያው ዕለት ከግራዚያኒ አጠገብ የቆሙ፥ የገቡ መኳንንት ነበሩ። በአምስቱ ዓመት ደመወዝ ሲበሉ ኖረው ከነጻነት በኋላ ሹመት ያገኙም ጥቂት አይደሉም። የእነርሱ ልጆች አባታቸውን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ አልሰማሁም።

ይህ እፍረት ጉዳት ባያመጣ ኖሮ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብለን በተውነው ነበረ። ጉዳቱ ግን ከቤት ያልፋል። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥታችን በእነዚያ ቀናት 30 ሺህ ሰው አለቀ አለ፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ጸሐፊ ብዙ ዓመት ከመረመረ በኋላ ወደ 19 ሺህ ይጠጋል ብሏል፤ በኢጣሊያ በኩል ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ሲጠራ ኖሯል። ክርክሩ ይህን ያህል የሚሰፋው ከቁጥሩ በስተጀርባ የተጻፈ ስም ስለሌለ ነው። ገዳዩ ግን ስም አላጣም። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ወንጀል አንድ ቀን እንኳ ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት። እኛ በዚያን ጊዜ መጮኻችን ተገቢ ነበረ። ጩኸቱን ስንጨርስ ግን የሟቾቻችንን ስም ልንጽፍ ቁጭ አላልንም።

አይሁድ በናዚዎች እጅ ያለቁባቸውን ወገኖቻቸውን እንዴት እንደ መዘገቡ እንመልከት። ያድ ቫሼም የተባለው ድርጅታቸው ለሟች ዘመዶች የምስክርነት ቅጽ ያድላል። ቅጹ የሚጠይቀው የሟቹን ስም፥ የተወለደበትን ቦታ፥ የወላጆቹን ስም፥ ሥራውንና የሞተበትን ሁኔታ ነው። «ምን ጀግንነት ሠራ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። እንዲህ እያሉ በሚሊዮን የሚቆጠር ስም ሰብስበዋል።

እኛም ከዚህ የተለየ ብልሃት አያስፈልገንም። ማኅበራችን በአንድ ገጽ የሚበቃ ቅጽ አባዝቶ ለተማሪው ያድል። እያንዳንዱ ለፋሲካ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይዞት ይሂድ፤ ከሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይሙላ። ሟቹ ያን ዕለት የት ነበረ? ምን ሊያደርግ ወጥቶ ነበረ? ማን ቀበረው፥ ወይስ አልተቀበረም? ይህን የሰማኸው ከማን ነው? የሚሉት ይበቃሉ። «ሊለምን ወጥቶ ነበረ» የሚል መልስ ሲገኝ እንዳለ ይጻፍ፤ ማንም አያርመው። የተሞላው ሁሉ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ተቋሙ ያለው ግራዚያኒ በቆሰለበት በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቱም ፋሽስቶች የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት ለመቁጠር የሠሩት ደረጃ ዛሬም ቆሟል፤ አንበሳ ተቀምጦበት የምረቃ ፎቶግራፍ እንነሣበታለን። የእነርሱን ዓመት በድንጋይ ተቆጥሮ እያየን የራሳችንን ሰው በወረቀት መቁጠር ሊያቅተን አይገባም።

ጊዜው ደግሞ ጠቧል። ያን ዕለት በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ነው። ከእነዚያ አፍ የሰሙት እንደ አክስቴ ያሉት ናቸው፤ እነርሱም ያፍራሉ።

የአያቴን እናት ስም በዚህ ገጽ ላይ ያላሳተምሁት አክስቴ ገና ስላልፈቀዱ ነው። የቤቱ ትልቅ እርሳቸው ናቸውና ያለ ፈቃዳቸው አላደርገውም። ባለፈው እሑድ እንደገና ስጠይቃቸው አልተቆጡኝም፤ «እስቲ ወረቀቱን አምጣውና ልየው» አሉኝ።