ደንብ ሌላ፣ መርሕ ሌላ

ባለፈው ዓመት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የቢሮአችንን በር አሳመሩልን። ሳንቃ ቆርጠው፣ ቀለም ቀብተው፣ በእንግሊዝኛ «ፕሪንሲፕል» ብለው ጽፈው ሰቀሉት። ልፋታቸው ደስ አሰኘን፤ ስሕተቱን ያየነው በማግስቱ ነው። በእንግሊዝኛ ርእሰ መምህሩም መርሑም ሲጠሩ አንድ ናቸው፣ የሚለዩት ሲጻፉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ልጆቹ በራችን ላይ የሰቀሉት መርሕ የሚለውን ነበር።

በዚያው ሳምንት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ገብተን «ለመሆኑ መርሕ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። አንዱ «ሕግ» አለ፤ ሌላዋ «ደንብ»፤ ሌላው «አቋም»። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ይሉኝታ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛ አልሳቅንም፤ የብዙዎቻችንን የአዋቂዎቹን መልስ ነበር የሰጠው።

ውድ ወላጆች፣ እነዚህን ቃላት እያቀላቀልን መጠቀማችን የቋንቋ መምህራን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ይህን የምንጽፈው። ዘንድሮ በእኛው እጅ ጉዳት አድርሷል።

መርሕ ከግእዙ «መርሐ» የመጣ ነው፤ መራ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። መሪ፣ መመሪያ፣ መርሐ ግብር የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ደንብ ግን ሰዎች ተሰብስበው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው፣ እጅ አውጥተው የሚያጸድቁት ነው። የዕድር ደንብ የመዋጮውን መጠንና የቀሪውን ቅጣት ይወስናል፤ ኑሮ ሲወደድ ይሻሻላል፤ መሻሻሉም ነውር የለበትም። ዕድሩን ያቆመው «ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም» የሚለው አሳብ ግን በድምፅ ብልጫ አይሻሻልም። እሱ ከተነሣ የሚቀረው የገንዘብ ሣጥን ነው። አቋም ደግሞ «ቆመ» ከሚለው ወጥቷል፤ ሰው በመርሕም ላይ ይቆማል፣ በግትርነትም ላይ ይቆማል። በየስብሰባው «የእኔ አቋም» እያልን ለምንነሣው ሁሉ ይህች ልዩነት ብትታወሰን መልካም ነው።

ይሉኝታ ለብቻው ይነሣ። «ምን ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ራሱ ስም ሆኖ የቀረበት ቃል ነው። አንንቀውም፤ አብዛኞቻችንን ያሳደገን እሱ ነው። አገር ቤት ሳለን ጎረቤቱ፣ ነፍስ አባቱ፣ ባለ ሱቁ የማን ልጅ እንደሆንን ያውቅ ስለነበር ከማጥፋታችን በፊት ዞር ብለን እናይ ነበር። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው የሚያውቅ ዓይን ባለበት ነው። ሸሪካት፣ ከድልድዩ ማዶ በኒሙሌ መንገድ በኩል፣ ዛሬ የመጣው በዓመቱ የሚሄድበት ሰፈር ነው። ሆቴል የከፈተው፣ የውሃ ቦቴ የሚያሠራው፣ ሸቀጥ የሚያወርደው ሁሉ ለሥራ የመጣ ነው፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ልጆቻችን እዚህ ሲያድጉ በይሉኝታ ብቻ ልናሳድጋቸው አንችልም።

የቀደሙት አባቶቻችንም የማይተዋወቁ ሰዎች የሚገናኙበት መንገድ ነበራቸው። መንገድ ላይ የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ይቆም ነበር፤ ተናጋሪው ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ ዘመድ ይሁን መንገደኛ። ከሳሽና ተከሳሽም የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቋጠሮው ጨርቅ ነው፤ ቢጎትቱት ይፈታል። ተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው «ታዲያ ለምን አይፈታውም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን ለቤት ሥራ ሰጠናቸው።

ሁለተኛ ምሳሌ አድርገን የነገርናቸው ስለ መዝገበ ቃላት ነው። አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተማሪያቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ቀጠሉት፤ እሳቸውም ሳይታተም ሲያርፉ ለተማሪያቸው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ ቀረ። ደስታ መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. በመምህራቸው በኪዳነ ወልድ ስም አሳተሙት። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ከመምህራቸው 14 ዓመት በኋላ። የመምህር ሥራ ከራስ ሥራ ይቅደም የሚል ደንብ ያወጣባቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። የትምህርት ቤታችን ደንብ «ክፍያ ያላጠናቀቀ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም» ይላል። በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እስክሪብቶዋንና ማስመሪያዋን ይዛ መጣች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ኒሙሌ ድንበር ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር። መለስናት። ዋናውን መንገድ ብቻዋን መሻገር ስለማይፈቀድላት የሰፈሯ ልጆች ፈተናቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ ከበሩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጠበቀች። በመስኮት እናያት ነበር። «መርሕ ነው፣ ምን ይደረግ» ተባባልን።

በዚያው ወር ለትምህርት ቤቱ ውሃ በነፃ የሚያመጡልን አንድ ወላጅ ወደ ቢሮ መጡ። ልጃቸው በሒሳብ ወድቋል። በትሕትና ነው የተናገሩት፤ «ደንብ እኮ ሰው ያወጣው ነው፣ ትንሽ ብታስተካክሉለት» አሉን። እኛም «እስቲ እናያለን» አልን። የውጤቱ መዝገብ ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛችን ላይ ተገልጦ ዋለ። እውነቱን ለመናገር የምናስበው ስለ ሒሳብ አልነበረም፤ ስለ ውሃ ነበር። ያዳነን የሒሳቡ መምህር ነው። ከሁላችንም በዕድሜ የሚያንሰው እሱ ነው። «ፊርማዬ አለበት፤ የምትቀይሩት ከሆነ መጀመሪያ ስሜን ሰርዙ» ብሎን ወደ ክፍሉ ሄደ። ውጤቱ እንዳለ ቀረ። ቦቴው ለጥቂት ጊዜ ቀረብን፤ ውሃ በጀሪካን እየገዛን ሰነበትን።

ለሹፌሩ ልጅ ደንቡን መርሕ ብለን ጠራነው፤ ለባለ ቦቴው ልጅ መርሑን ደንብ ልናደርገው ነበር። በሁለቱም ጊዜ የተጠቀምንበት ቃል ለእኛ የሚመቸን ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ እኛ ብቻ አይመስለንም፤ በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ፣ በየንግድ ቤቱ «ከመርሕ አንጻር» የምትባለው ሐረግ ብዙ ጊዜ የምትወጣው አቅም በሌለው ሰው ፊት ነው።

ልጅቷን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለብቻዋ ፈተንናት፤ አባቷም ሲመለስ ከፈለ። ይህ ግን የአንድ ልጅ መፍትሔ ነው። ስለዚህ በመጪው የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፣ የክፍያው አንቀጽ ይቀየር፤ የቀረ ክፍያ በወላጅና በኮሚቴ መካከል ያለ ጉዳይ ይሁን፣ ልጁ ግን ይፈተን። የመምህራን ደመወዝ ከዚሁ ክፍያ እንደሚወጣ እናውቃለን፤ ገንዘቡ ሲዘገይ ደመወዝም ይዘገያል። ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ከወዲሁ እንድታዋጡ የምንለምናችሁ ስለዚያ ነው። ሁለተኛው፣ መምህር ፈርሞ የመዘገበውን ውጤት ርእሰ መምህርም ቢሆን መለወጥ እንዳይችል በደንቡ ውስጥ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ይስፈር። ደንቡን በየዓመቱ ስለምንቀይረው ነው። አንዳንድ ወላጆች «ይህን ያህል ጥብቅ ምን አመጣው፣ እንተዋወቅ የለም ወይ?» ሊሉን ይችላሉ። ስለምንተዋወቅ ነው የፈራነው።

የበሩ ጽሑፍ አሁንም እንደተሰቀለ ነው። አንድ የጎበኙን እንግዳ ስሕተቱን በእርሳስ አርመውልን ሄዱ፤ ልጆቹ በማግስቱ መልሰው ቀለም ቀቡበት።