አኒሜውን ከመከልከላችን በፊት ዝርዝሩን እንየው

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። በተለይ ወላጆችና የሙያ ጓደኞቼ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። መጀመሪያ ስልክ ነበር፤ ቀጥሎ ቲክቶክ መጣ፤ አሁን አሁን ደግሞ «ያ የጃፓን ካርቱን» ተጨምሯል። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ካርቱን ላይ ተጥዶ ያድራል» የሚል ወላጅ በዝቷል። ካርቱን የሚሉት አኒሜን ነው። ማንጋ ደግሞ ለብዙው አኒሜ መነሻ የሆነው፣ በሥዕል የሚተረከው፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው የጃፓን መጽሐፍ ነው።

ስጋቱ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን በትክክል እናስላው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ይኼን ሁሉ ልጅ የጣለው አኒሜ ነው? ከነዚህ ተፈታኞች ውስጥ እኮ አኒሜ የሚባል ነገር ስሙን እንኳ ያልሰማ ስንትና ስንት አለ! የመጽሐፍ እጥረቱን፣ የጦርነቱን፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ዕዳ በአንድ ካርቱን ላይ መጫን ይቀለናል፤ እውነት ግን አይሆንም።

እኔ የምለው ይኼን ነው፦ አኒሜ የሚከታተሉ ብዙ ልጆች እኛ በክፍል ውስጥ ማስለመድ ያቃተንን ነገር በራሳቸው ጊዜ ለምደውታል። ያዩትን ይመዘግባሉ፤ ያዩትን ይመዝናሉ፤ በመዘኑት ላይ ይከራከራሉ። ይኼን ልምድ መግደል የለብንም። ልንመግበው ነው የሚገባን።

አኒሜ የሚወድ ተማሪ ስታገኙ «ዝርዝርህን እስኪ አሳየኝ» በሉት። ብዙዎቹ አላቸው። አንዱ ማይአኒሜሊስት ላይ መዝግቦታል፣ አንዱ ስልኩ ላይ ጽፎታል፣ አንዱ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አስፍሮታል። አከፋፈሉ አምስት ነው፦ እያየሁት ያለ፣ የጨረስኩት፣ ለጊዜው ያቆምኩት፣ የተውኩት፣ ወደፊት የማየው። ከጎኑ ስንተኛው ክፍል ላይ እንደደረሰና ከአሥር ስንት እንደሰጠው ተጽፏል።

እስኪ አስቡት። ማንም አላዘዘውም፤ ማርክ አይያዝለትም። እኔን ከሁሉም ደስ የሚለኝ «የተውኩት» የሚለው ነው። ለምን ተውከው ስትሉት «መሀል ላይ ተንዛዛ» ይላችኋል፤ «ገጸ ባሕርዩ ያለ ምክንያት ተለወጠ» ይላችኋል። ይኼ እኮ ሂስ ነው! ሴራ፣ ግጭት፣ መቼት ብለን ትርጉማቸውን አስጽፈን በፈተና የምንጠይቀው ነገር ልጁ አፍ ላይ ሕይወት ዘርቶ ተገኘ ማለት ነው።

ክርክሩንም ስሙት። «ዴዝ ኖት» ላይ ስሙን የጻፈበት ሰው ሁሉ የሚሞትበት ደብተር ያገኘ ጎበዝ ተማሪ አለ። ወንጀለኞችን በመግደል ይጀምራል፤ ኋላ ላይ የሚያሳድዱትንም መግደል ይቀጥላል። የ16 ዓመት ልጆች «መጀመሪያ ላይ ልክ ነበር»፣ «የለም፣ ያለ ፍርድ መግደል ገና ከመጀመሪያው ስህተት ነው» እያሉ ሲፋለሙ ብትሰሙ ምን ትላላችሁ? በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ይኼን ጥያቄ በርጋታ የሚከራከርበት አዋቂ ስንት ነው?

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ወራት ሲቆጠሩ ልጆቹ ፋይሉን በፍላሽና በዜንደር ይቀባበሉ ነበር። ማን ጋ የትኛው ክፍል እንዳለ፣ ማን የት እንደደረሰ ያውቃሉ። «ስፖይል እንዳታደርገኝ» እየተባባሉ ጨዋታው ቀጠለ። ክፍል ተዘግቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ አብሮ የሚያወሩት አንድ ታሪክ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ለኛ ባዕድ አይደለም። ወላጆቻችንን ጠይቁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰው ተራውን ቆጥሮ፣ ሥራውን አቋርጦ ይጠብቅ ነበር። «በዛብህ ምን ይደርስበት ይሆን? ሰብለ ወንጌልስ?» እየተባለ በየቤቱ ይወራ ነበር። መጽሐፉ በ1958 የታተመ፣ ታሪኩ የሚካሄደው እዚሁ ጎጃም፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም የኛው የጎዛምን ልጅ። ተከታታይ ታሪክ መጠበቅና ባለፈው ክፍል ላይ መከራከር እንግዲህ በዚህ ትውልድ አልተጀመረም።

ወደ ኋላም ብትሄዱ ያው ነው። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራ ላይ በተርታ ሳጥኖች እየተከፈለ፣ ከሥሩ ጽሑፍ እየተጻፈበት ሲሣል ያላየ ማን አለ? በሥዕል ተራ በተራ መተረክ እኛም ቤት አለ። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት አገር ልጅ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሲፈልግ ነው ያደገው። አንድ ትዕይንት አሥር ጊዜ እየመለሰ «እዚህ ጋ የተደበቀ ነገር አለ» የሚለው አኒሜ ወዳድ ሳያውቀው የዚያ ቤት ተማሪ ነው።

ጃፓንን መከታተልም ቢሆን የቆየ ነገር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓን ደርሰው ተመልሰው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው መጽሐፍ አሳተሙ። የ1923 ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። አባቶቻችን ጃፓንን ያዩት ለመማር ነው። ልጆቻችን ሲያዩ ታዲያ ምን እንደሚማሩ መጠየቅ የኛ ድርሻ ነው።

ምን ይማራሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሾነን ጃምፕ የሚባል ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተም የማንጋ መጽሔት አለ። «ናሩቶ» ከ1999 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. 700 ምዕራፍ የወጣው እዚያ ላይ ነው፤ «ዋን ፒስ» ከ1997 ጀምሮ እዚያው ነው። መጽሔቱ ውስጥ ለአንባቢ የሚሞላ መጠይቅ ይገባል፤ አንባቢው የወደደውን መርጦ ይልካል። አንባቢ ያልመረጠው ታሪክ ይቋረጣል፤ የመረጠው ዓመታት ይቀጥላል። ማንጋ እዚህ የደረሰው ሠዓሊው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሚመዝን፣ አስተያየቱን የሚናገር አንባቢ ነበረው።

እኛጋስ? ደራሲው ተበድሮ ያሳትማል፤ የገዛው አንብቦ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ ቢወደውም ዝም፣ ቢጠላውም ዝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የሚል ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለበት የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ስንቶቻችን ሰማን? ስንቶቻችን «ይኼ ጥሩ ነው፣ ይኼ ይጎድለዋል» አልን? ሥነ ጽሑፍ የሚያድገው በሚመዝን አንባቢ ነው። ያ አንባቢ ደግሞ አሁን እኛ «ሰነፍ» እያልን የምንገሥጸው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከገጠር ለምትመጡ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ ስም ልጥቀስ። ሂሮሙ አራካዋ የምትባለዋ ደራሲ «ፉልሜታል አልኬሚስት»ን የሠራች ናት። ያደገችው ሆካይዶ ውስጥ ወተት ላሞች የሚያረባ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ኋላ «ሲልቨር ስፑን» በሚል ማንጋዋ የከተማ ልጅ የግብርና ትምህርት ቤት ገብቶ ላም ማለብ፣ አሳማ ማሳደግና መሸኘት ሲማር አሳየች። የገበሬ ልጅ የቤቷን በረት ታሪክ አድርጋ ለዓለም ሸጠች። የኛ በረት፣ የኛ አውድማ፣ የጮቄ ብርድ ምን ጎድሎት ነው?

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልምጣ፤ ሁሉንም ነገር ማር አላደርገውም። ለልጅ የማይሆን አኒሜ አለ፤ ደም የበዛበት አለ፤ ሥርዓት የሌለው አለ። ካርቱን ስለሆነ ብቻ የልጅ ነው ማለት አይቻልም፤ ወላጅ ምን እንደሚታይ ማወቅ አለበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ አይቶ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ምንም ዓይነት ዝርዝር ቢኖረው አላጨበጭብለትም። በቴሌግራም የሚዞረውም አብዛኛው ሠሪው አንድ ሳንቲም የማያገኝበት ኮፒ ነው፤ ነገ ደራሲ መሆን የሚፈልግ ልጅ ይኼን ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወጪ የማይጠይቅ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ያንኑ ባለ አምስት ክፍል ዝርዝር ለመጻሕፍት እናድርገው። አንድ የደብተር ገጽ ይበቃል። «የተውኩት» የሚለውም ይኑርበት፤ መጽሐፍ መተው ነውር አይደለም፣ ምክንያቱን አለመናገር ነው ነውሩ።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን 15 ደቂቃ ለክርክር እንስጥ። አንድ ሳምንት የነሱን፣ አንድ ሳምንት የኛን። ሕጉ አንድ ብቻ፦ ያለ ምክንያት ነጥብ መስጠት አይቻልም። «ዴዝ ኖት» ላይ ስለ ፍትሕ የተከራከረ ልጅ ፊታውራሪ መሸሻ በጭሰኞቻቸው ላይ ስላደረጉት ነገር ዝም አይልም።

ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን እያየህ ነው? ስንተኛው ላይ ደረስክ? ምኑን ወደድከው? ልጁ ከመለሰላችሁ ስለ እንቅልፍ ሰዓት ብትነግሩትም ይሰማችኋል። ካልመለሰላችሁ ያኔ የምር ተጨነቁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ይኼን እያነበባችሁ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ 😄 የቤት ሥራ አላችሁ። ኮመንት ላይ አንድ አኒሜ ወይም ማንጋ፣ አንድ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ለሁለቱም ከአሥር ስንት እንደምትሰጡና ለምን እንደሆነ ጻፉልኝ። «ለምን» የሌለበትን አልቀበልም፤ ታውቁኛላችሁ።

የማትስማሙም ጻፉ። በጨዋ ደንብ እንከራከር።